ባል፣ ልጅ ወይም አባት መከላከያ ላላችሁ፦ ጅማ ሆናችሁ የጡረታና የተተኪ መብታችሁን እንዴት ትይዛላችሁ

ጅማ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከሰቃ፣ ከማና፣ ከደዶ፣ ከሸቤ፣ ከሰርቦ የሚመጡ የወታደር ሚስቶች፣ እናቶችና አባቶች አጠገቤ ቁጭ ይላሉ። ወረቀታቸውን ፌስታል ውስጥ ጠቅልለው ያመጡታል። ሳገላብጠው ብዙ ጊዜ ሕጉ የሰጣቸው መብት በግልጽ አለ፤ የጠፋው መብቱን የሚያስረዳው ወረቀት ነው። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ያ ወረቀት ወታደሩ በሕይወት እያለ ቢሆን ቀበሌ ሄዶ በአንድ ጠዋት ሊያልቅ ይችል የነበረ መሆኑ ነው። ከሞተ በኋላ ግን ምስክር ፈልጊ፣ ቀጠሮ ጠብቂ፣ ከወረዳ ጅማ ተመላለሺ ይሆናል። ለቅሶ ላይ ያለች ሴት ይህን ሁሉ መሸከም አልነበረባትም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የምጽፈው ወታደራቸው ደህና ላለ ቤተሰቦች ነው። ወረቀት ማዘጋጀት ሟርት አይደለም። ስለ ሞት ማውራት ደስ አይልም ብለን ስንተወው በኋላ የሚጎዱት ልጆች ናቸው። ሐዘኑ ለደረሰባችሁ፣ ወሬው ለጠፋባችሁና ቆስሎ ለተመለሰባችሁም ከታች አለ፤ ወደ እናንተ ክፍል እለፉ።

የትኛው ሕግ የማን ነው?

ይህን ማወቅ ከቢሮ ቢሮ ከመንከራተት ያድናል። የወታደር ጡረታ የፌዴራል ጉዳይ ነው። የሚሠራበት ሕግ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረው 714/2003 ነው። ርዕሱ «የመንግሥት ሠራተኞች» ስለሚል ወታደርን የማይመለከት የሚመስላቸው አሉ፤ መከላከያም ፖሊስም ግን በዚሁ አዋጅ ነው የሚስተናገዱት። አስፈጻሚው የመንግሥት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። ሰው በአጭሩ «ማህበራዊ ዋስትና» ወይም «ጡረታ ቢሮ» ይለዋል። ጅማም ጽሕፈት ቤት ስላለው ለመጀመሪያው ጥያቄ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ አዲስ አበባ መግባት የለባችሁም፣ እዚሁ ጀምሩ። ምልመላው፣ አገልግሎቱ፣ ስንብቱና ማዕረጉ ደግሞ በመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ነው የሚመራው፤ መሠረቱ ቁጥር 1100/2011 ነው፣ ከዚያ በኋላ ተሻሽሏል።

ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ልጅነትና ሞግዚትነት የክልል ጉዳይ ናቸው። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ ጅማ ላይ የእገሌ ሚስት ነኝ ብላችሁ ክርክር ቢነሳ የሚያየውም የክልሉ ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል፤ አንዱ አልፈቅድም ካለ ግን አያይም። ሦስተኛው ምዝገባ ነው። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በወሳኝ ኩነት አዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው የሚመዘገቡት፤ አዋጁ በ1049/2009 ተሻሽሏል፣ ሥራው የሚሠራው ቀበሌ ነው።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ይያያዛል። ቀበሌ ይመዘግባል፣ ክርክር ካለ የክልል ፍርድ ቤት ይወስናል፣ ማህበራዊ ዋስትና እነዚህን ወረቀቶች አይቶ ይከፍላል። ማህበራዊ ዋስትና መስኮት ላይ ቆማችሁ «ሚስቱ ነኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀኛል» ብትሉ የሚረዳችሁ የለም። ክፋት ሆኖ አይደለም፤ ሚስት መሆን አለመሆናችሁን የመወሰን ሥልጣን የእነሱ ስላልሆነ ነው።

ወታደሩ ለፈቃድ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይሠራ?

ቀበሌ። ዘመድ ከመጠየቅ በፊት፣ ሠርግ ቤት ከመሄድ በፊት። የፈቃድ ቀን እንደ ንፋስ ነው የሚያልፈው፣ ለጋብቻ ምዝገባ ደግሞ ሁለታችሁም መገኘት አለባችሁ። ኒካ አሥራችሁም ይሁን በቤተ ክርስቲያን ወይ በሽማግሌ በባህል ተጋብታችሁ፣ ሕጉ ሦስቱንም ያውቃል። ግን በየትኛውም መንገድ የተፈጸመ ጋብቻ መመዝገብ አለበት። ሼኹ የጻፉላችሁ ወረቀት ጥሩ ማስረጃ ነው፣ እሱን ይዛችሁ ቀበሌ ሂዱና የጋብቻ ምስክር ወረቀት አውጡ። አዋጁ ለጋብቻና ለሞት 30 ቀን፣ ለልደት 90 ቀን ይሰጣል። ቀኑ ካለፈባችሁ የዘገየ ምዝገባ አለና አትተዉት። ተጨማሪ ማስረጃ ወይም ቅጣት ቢጠይቋችሁ ክፈሉና ጨርሱት፤ በኋላ ፍርድ ቤት ከሚያስወጣችሁ ጋር አይወዳደርም።

ሳትጋቡ አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ በግልጽ ልንገራችሁ። የተተኪ አበል፣ ማለትም ወታደሩ ሲሞት ለቤተሰቡ በየወሩ የሚከፈለው፣ ከትዳር በኩል የሚሰጠው ለሕጋዊ ሚስት ወይም ባል ነው። «አሥር ዓመት አብረን ኖረናል» የሚለው ብቻውን አያስተማምንም። ለመጋባት ሐሳብ ካላችሁ አታዘግዩት።

ልጆቹን አስመዝግቡ፣ ሁሉንም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ካለው እሱንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሚስት ይህን ስትሰማ ቅር ሊላት ይችላል፣ ይገባኛል። ግን የተደበቀ ልጅ በኋላ መምጣቱ አይቀርም፤ የሚመጣውም ፋይሉ ሊዘጋ ሲል ነው፣ ያኔ የሁሉም ክፍያ ይቆማል።

አሁን ወደ ስም ልምጣ። ብዙ ቤተሰብ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ልጁ ቤት ውስጥ አብዱ ነው፣ የትምህርት ቤት ካርዱ ላይ አብዱልቃድር ነው፣ ሲቀጠር የጻፈው አብዱልቀድር፣ የሚስቱ የጋብቻ ወረቀት ላይ ደግሞ አብዱ ብቻ። ለእኛ ለምናውቀው አንድ ሰው ነው። ለመዝገብ ግን ሦስት ሰው ነው። እዚህ ላይ የኛ አካባቢ ሌላ ነገር ይጨምራል፦ ቀበሌው ስሙን በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ይጽፈዋል፣ መከላከያ በአማርኛ ይጽፈዋል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ፊደል ይቀየራል፣ የአባት ስም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የወታደሩን መታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀቱን፣ የልጆቹን የልደት ወረቀትና የሁላችሁንም ፋይዳ ጠረጴዛ ላይ አንድ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። የማይገጥም ካለ አሁን ቀበሌ ሄዳችሁ አሳርሙ። ባለቤቱ በአካል ቆሞ «እኔ ነኝ» ሲል ቀላል ነው፤ እሱ ከሌለ በኋላ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ፍርድ ቤት አቤቱታ ማቅረብና ምስክር ማሰማት ነው የሚጠብቃችሁ።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። ለጡረታ የሚታየው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው ዕድሜ ነው። በኋላ በቀበሌ ወረቀት ላስተካክለው ማለት አይሠራምና በዚያ ላይ ተስፋ አትጣሉ።

ከዚያ ወደ ክፍሉ ሲመለስ አንድ የቤት ሥራ ስጡት። ብዙ ልጆች የሚቀጠሩት ሳያገቡ ነው። የሕይወት ታሪክ ቅጽ ሲሞሉ የቅርብ ቤተሰብ በሚለው ቦታ እናትና አባታቸውን ይጽፋሉ። ከዚያ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ቅጹ ግን እንደነበረ ይቀራል። ሚስትየዋ ለመከላከያ የለችም ማለት ነው። «ቅጽህን መቼ ነው የሞላኸው? እኔና ልጆቹ እዚያ ላይ አለን?» ብላችሁ ጠይቁት። ከሌላችሁ የጋብቻና የልደት ወረቀቱን ኮፒ ይዞ የክፍሉ የሰው ሀብት ዘንድ ገብቶ ያስጨምር፣ ማስጨመሩን የሚያሳይ ወረቀት ካገኘ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ። የወታደር መለያ ቁጥሩን፣ የክፍሉን ስምና የተቀጠረበትን ቀንም ጽፋችሁ ያዙ። መርዶ የመጣባቸው እናቶች «የት ክፍል ነበር?» ሲባሉ «ሰሜን» ወይም «ምሥራቅ» ብቻ ሲሉ ስሰማ ልቤ ይሰበራል።

ውክልናም ጠቃሚ ነው። ደመወዙን ለማውጣት፣ ቤት ለመከራየት፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለማስገባት ከውልና ማስረጃ ውክልና ይስጣችሁ። ነገር ግን ውክልና ወካዩ ሲሞት አብሮ ይሞታል፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚለው ይህንን ነው። ከሞተ በኋላ በውክልናው ከባንክ ገንዘብ ማውጣት ችግር ውስጥ ያስገባልና መርዶው ከተሰማ ቀን ጀምሮ አትንኩት።

ለእናትና ለአባት ደግሞ ይህ አለ። ወላጅ የተተኪ አበል የሚያገኘው ልጁ ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው ይደግፈው ከነበረ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ብር ሲልክ በሰው እጅ ሳይሆን በባንክ ወይም በቴሌብር ይላክ። ገጠር ያላችሁ እናቶች «ሰው ያመጣልኛል» ትላላችሁ፤ ግን በሰው እጅ የመጣ ብር ደረሰኝ የለውም። በስማችሁ የባንክ ሂሳብ ክፈቱ። መደገፉ በኋላ የሚታየው በዚያ ሂሳብ ነው።

አበሉ እንዴት ይሰላል?

ከወታደሩ ደመወዝ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ መንግሥት ደግሞ 25 በመቶ ይጨምርበታል። የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ነው፣ የግዳጅ አበልና ሌላው ጥቅማ ጥቅም አይገባበትም። ብዙ ቤተሰብ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ በወር ይልክላቸው የነበረው ብርና አበሉ አይቀራረቡም።

10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለወታደርና ለፖሊስ 1.65 በመቶ ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በምሳሌ እንየው። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነና 20 ዓመት ያገለገለ ወታደር አለ እንበል። 30 በመቶው ላይ 10 ጊዜ 1.65 ሲጨመር 46.5 በመቶ ይሆናል። አበሉ 4,650 ብር ነው።

ይህ ሰው ቢሞት ሚስቱ የአበሉን 50 በመቶ ታገኛለች፣ 2,325 ብር። እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ ማለትም 930 ብር። ልጁ እናቱንም አባቱንም ያጣ ከሆነ 30 በመቶ። ወላጅ ለእያንዳንዱ 15 በመቶ፣ ሌላ ተተኪ ከሌለ ደግሞ 20 በመቶ። ሁሉም ተደምሮ ከሟቹ አበል መብለጥ አይችልም። ሚስትና ሦስት ልጆች ካሉ 110 በመቶ ስለሚመጣ የየአንዳንዱ ድርሻ ዝቅ ይላል። ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ከክፍያው ይወጣል፤ ያኔ የቀሩት ድርሻ እንዲስተካከል መጠየቅ አትርሱ። አካል ጉዳት ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ልጅ ካለ ከ18 በኋላም ሊቀጥል ስለሚችል የሕክምና ማስረጃውን 18 ከመሙላቱ በፊት አዘጋጁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። በግዳጅ ላይ ለሞተ ወይም በሥራው ምክንያት ለተጎዳ ወታደር 10 ዓመት መሙላት አይጠየቅም፤ ትናንት ተቀጥሮም ቢሆን መብቱ አለ። በሌላ ምክንያት ሞቶ አገልግሎቱ ከ10 ዓመት በታች ከሆነ ግን ወርሃዊ አበል የለም፤ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው ያለው።

ሐዘኑ ለደረሰባችሁ

መጀመሪያ አልቅሱ። አርባውም ይውጣ፣ ሰደቃውም ይሁን። ሕጉ የይርጋ ጊዜ አለው፣ ግን በሳምንት አይዘጋም። ሞቱን ቀበሌ ማስመዝገብ ላይ ግን 30 ቀኑን አስታውሱ፣ እሱን ወንድም ወይ ጎረቤት ወረቀቱን ይዞ ሊከታተለው ይችላል።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ከመከላከያ የሚሰጠው የሞት ማስረጃ ደብዳቤ ነው። ሲሰጣችሁ ቆማችሁ አንብቡት፣ ማንበብ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የሚያነብ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሙሉ ስሙ፣ መለያ ቁጥሩ፣ የሞተበት ቀን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዴት እንደሞተ መጻፍ አለበት። «በግዳጅ ላይ እያለ» የሚለውና «በሕመም» የሚለው በገንዘብ በጣም ይለያያሉ። ግዳጅ ላይ ቆስሎ ሆስፒታል ገብቶ ከወራት በኋላ የሞተ ልጅ ደብዳቤው ላይ ሕመም ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ቤተሰቡ ይጎዳል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ፈርማችሁ ከመውሰዳችሁ በፊት እንዲስተካከል ጠይቁ፣ የሆስፒታል ወረቀቱን አያይዙ።

ከዚያ ፋይሉን ሙሉ አድርጉት። የሞት ደብዳቤው፣ የቀበሌ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ወረቀት፣ የእናንተ መታወቂያና ፋይዳ፣ ጉርድ ፎቶ፣ በስማችሁ ያለ የንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥር። የቀበሌውና የፍርድ ቤቱ ወረቀት በአፋን ኦሮሞ ብቻ ከሆነ የተረጋገጠ የአማርኛ ትርጉም ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሊሙ ወይ ከሸቤ መጥቶ «አስተርጉመህ ና» መባል የአንድ ቀን ገቢ ማጣት ነው። ኦርጅናሉን አሳዩ፣ ኮፒውን ስጡ፣ ኦርጅናሉን ይዛችሁ ተመለሱ። ማመልከቻውን ስታስገቡ የእናንተ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ይጻፍላችሁ። ያ ቁጥር ከሌለ በኋላ «አስገብቻለሁ» ብትሉ ማስረጃ የላችሁም።

እናታቸውም የሌለች ልጆችን አያት ወይም አጎት የሚያሳድግ ከሆነ ከክልሉ ፍርድ ቤት የሞግዚትነት ውሳኔ ማውጣት አለበት፣ ያለሱ የልጆቹ ድርሻ ሊከፈል አይችልም።

አሁን ብዙ ጠብ የሚያመጣውን ነገር ልንገራችሁ። የሟች ወንድሞች መጥተው «የወንድማችን ጡረታ ለእኛም ይደርሳል፣ ወራሾች ነን» ይላሉ። አይደርስም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 828 በሰውየው ሞት ምክንያት ለትዳር ጓደኛው ወይም ለዘመዶቹ የሚከፈል ጡረታ የውርሱ ክፍል አይደለም ይላል። ጡረታው ለተተኪዎች ብቻ ነው፣ እነሱም ሚስት ወይም ባል፣ ልጆች እና ይደገፉ የነበሩ ወላጆች ናቸው። ባንክ ያለው ቁጠባ፣ ቤቱ፣ ከብቱ ግን ውርስ ነው፤ ለዚያ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ታወጣላችሁ። ሁለቱን ለይታችሁ ያዙ። የወራሽነት ወረቀት ለማውጣት ብላችሁ የጡረታውን ማመልከቻ አታዘግዩ። ሽማግሌ ይዘው መጥተው «አንቺ ወጣት ነሽ፣ ነገ ታገቢያለሽ፣ ለእናቱ ተዪላት» ቢሏችሁም መብታችሁን በፊርማ አትስጡ። ሕጉ ለእናቱም የራሷን ድርሻ ሰጥቷታል፤ ትደገፍ ከነበረ እሷም ታመልክት፣ እናንተም አግዟት።

እንደገና ማግባትን በተመለከተ፣ ባል የሞተባት ሴት ብታገባ የእሷ አበል ሊቋረጥ ይችላል፣ ሕጉ ዕድሜዋንም ያያል። ከማግባታችሁ በፊት ማህበራዊ ዋስትና ሄዳችሁ ዕድሜያችሁን ተናግራችሁ ጠይቁ። የልጆቹ ድርሻ ግን የልጆቹ ነው፣ እናታቸው አገባች ተብሎ አይነካም።

ወታደሩ ወንድ ብቻ አይደለም። ሚስቱ የተሰዋችበት ባልም ተተኪ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች ጡረታ በማስተላለፍ ረገድ እኩል መብት አላቸው ይላል። አንዳንድ አባቶች «ወንድ ሆኜ የሚስቴን ጡረታ እንዴት እጠይቃለሁ» ብለው ይቀራሉ። ያገለገለችው ለልጆቿ ነው፣ ሂዱና ጠይቁ።

ወሬው ለጠፋባችሁ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ሞቷል የሚል ደብዳቤ የለም፣ አለ የሚልም የለም። መጀመሪያ ለመከላከያ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የጠየቃችሁበትን ኮፒ ያዙ። በቃል መጠየቅ የሚቆጠር ነገር አይሰጣችሁም። ሰው ከጠፋ 2 ዓመት ሙሉ ምንም ወሬው ካልተሰማ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 ጥቅም ያለው ሰው መጥፋቱ እንዲወሰን ፍርድ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። አቤቱታው የሚቀርበው ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ላለ ፍርድ ቤት ነው፣ ስለዚህ ቤቱ ጅማ ወይም ዞኑ ውስጥ ከነበረ እዚሁ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለበትን ቀን፣ ብር የላከበትን ቀን፣ ከጓደኞቹ የሰማችሁትን ሁሉ ጻፉ፤ ስልካችሁ ላይ ያለውን መልእክት አታጥፉ።

ከማመልከታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እወቁ። የመጥፋት ውሳኔ ሲጸና ጋብቻውም ይፈርሳል፣ ውርሱም ይከፈታል። ለአንዳንዷ ሚስት ይህ ገና ያልተዘጋጀችበት ነገር ነው። ለአማትም እንደዚያው፣ «ልጄን ገደልሽው» የምትል እናት አይቻለሁ። ስለዚህ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ተነጋግሮ ይወስን፣ ማንም ማንንም አያስገድድ። ውሳኔው ከወጣ ግን እሱን ይዛችሁ ማህበራዊ ዋስትና ሄዳችሁ የተተኪ ጥያቄያችሁን አቅርቡ።

ቆስላችሁ ወይም ተሰናብታችሁ ለተመለሳችሁ

ከክፍላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የስንብት ደብዳቤውን፣ የአገልግሎት ዘመናችሁን የሚገልጽ ማስረጃና የሕክምና ቦርድ ውጤቱን በእጃችሁ ያዙ። ጅማ ከገባችሁ በኋላ ለአንድ ወረቀት ተመልሶ መሄድ በጣም ከባድ ነው። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ ቦርዱ ወረቀት ላይ መስፈሩን አረጋግጡ፤ እጁን ያጣ ሰው ማንም አይቶ ያውቃል ብላችሁ አትመኑ፣ መዝገብ የሚያየው የተጻፈውን ነው። አእምሮ ላይ የደረሰ ጉዳትም ጉዳት ነው። ሌሊት የማይተኛ፣ ድምፅ ሲሰማ የሚበረግግ ሰው ቤታችሁ ካለ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ክፍል ወስዳችሁ አሳክሙት፣ የሚሰጣችሁንም ካርድና ወረቀት አስቀምጡ።

10 ዓመት ሳይሞላችሁ ወጥታችሁ አሁን ዩኒቨርሲቲ ጥበቃ፣ ወይም የግል ድርጅት ውስጥ ሾፌር ሆናችሁ የምትሠሩ አላችሁ። የጦሩ አገልግሎት የጠፋ የሚመስላችሁ ብዙ ናችሁ። የመንግሥትም የግልም አገልግሎት ለጡረታ ይደመራል። 6 ዓመት ጦር ውስጥ፣ 4 ዓመት ድርጅት ውስጥ ከሠራችሁ 10 ሞላ ማለት ነው። አሁን ላላችሁበት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት የጦሩን የአገልግሎት ማስረጃ ስጡና የጡረታ መዝገባችሁ ውስጥ እንዲገባ አድርጉ። መዋጮዬን መልሱልኝ ብላችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ይህን ስሌት ሥሩት።

ደላላና ይግባኝ

«ጡረታችሁን በፍጥነት አስጨርሳለሁ፣ የመጀመሪያውን ክፍያ እንካፈላለን» የሚል ሰው ይመጣባችኋል፤ በተለይ ውዝፍ ብዙ ሲሆን። አትስማሙ። ማመልከቻ ለማስገባት የሚከፈል ነገር የለም፤ ወረቀት ለሚጽፍላችሁ የጽሑፉን ዋጋ ብቻ ክፈሉ። የጡረታ ደብተራችሁን ወይም የባንክ ካርዳችሁን ለአበዳሪም ለነጋዴም መያዣ አትስጡ። ሕጉ ጡረታን ለሌላ ሰው ማስተላለፍን አይፈቅድም፣ ግን ካርዱን የያዘ ሰው በየወሩ ሲያወጣው ተሯሩጣችሁ የምታስጥሉት እናንተ ናችሁ። ቡና ከመድረሱ በፊት እጅ በሚያጥርበት ወቅት ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይደርሳል።

ጥያቄያችሁ ውድቅ ከሆነ «በቃ አይሆንም» ተብሎ በቃል ተነግሯችሁ አትመለሱ። ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጠኝ በሉ። ምክንያቱ የተጻፈበት ደብዳቤ ካለ በማህበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባዔ ይግባኝ ማለት ይቻላል፣ ይግባኙ የጊዜ ገደብ ስላለው ደብዳቤው የደረሳችሁን ቀን ጀርባው ላይ ጻፉበት። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌላችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ለድሃ ሴቶች፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ማመልከቻ ያዘጋጃሉ። ወደ እነሱ ስትሄዱ ውድቅ የተደረገበትን ደብዳቤ፣ የገቢ ቁጥር ያለበትን ኮፒና ሙሉ ፋይላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ መጀመሪያ የሚሉት «እሱን አምጡ» ነው።